ምዕራፍ በምሽት፦ የልጆች ልቦለድ ከነቤተሰብ ለማዳመጥ

በአማርኛ ላደገ ሰው ልቦለድን በጆሮ መከታተል እንግዳ ነገር አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ መጽሐፉን በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሁሉ ከበዛብህና ከሰብለ ወንጌል ጋር ተዋውቋል። ዛሬም ትረካ በኤፍ ኤም ይሰማል፣ በዩቲዩብ ይከፈታል፣ በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። ወደ ልጆች ስንመጣ ግን ነገሩ ሳሳ ይላል። ተረት ሞልቷል፤ አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ያሳደጉትን ልጅ ቁጥሩን ማን ያውቀዋል። በምዕራፍ ተከፋፍሎ ለሳምንታት የሚዘልቅ፣ ልጅ «ነገስ ምን ይመጣ ይሆን?» እያለ የሚተኛበት የልጆች ልቦለድ በአማርኛ ተተርኮ ማግኘት ግን ያስቸግራል። ስለዚህ ብዙ ቤት፣ አዲስ አበባም ይሁን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወደ እንግሊዝኛው ይዞራል።

መዞሩ ክፋት የለውም፤ የሚበላሸው አያያዙ ላይ ነው። አብዛኛው ወላጅ «እንግሊዝኛው ይሻሻልለታል» ብሎ የጆሮ ማዳመጫ ለልጁ ይሰጥና ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ልጁ ሁለት ምዕራፍ ሰምቶ ይተወዋል። ወላጁም «የኔ ልጅ መጽሐፍ አይወድም» ብሎ ይደመድማል። የእኔ ምክር አጭር ነው፤ ልቦለዱን አብራችሁ ስሙት። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ ለዚህ የሚያግዝ ነው። በደፈናው እንዳይሆንብን ደግሞ አንድ መጽሐፍ ይዘን እንሂድ፤ የፍራንሲስ ሆጅሰን በርኔት «ምስጢራዊው የአትክልት ስፍራ»፣ እ.ኤ.አ. በ1911 የታተመው።

መጽሐፉን ያዙ

ይህን የመረጥኩት አንድም ነፃ ስለሆነ ነው። የባለመብትነት ዘመኑ ስላለፈ ጽሑፉንም ትረካውንም ሳንቲም ሳያወጡ ያገኙታል። ዋናው ምክንያቴ ግን ታሪኩ ራሱ በጆሮ የሚሄድ መሆኑ ነው።

ሜሪ ሌኖክስ የ10 ዓመት ልጅ ናት፤ ፊቷ የገረጣ፣ ጠባይዋ የከፋ፣ ማንም የማይወዳት። ከእንግሊዛውያን ወላጆች ተወልዳ ሕንድ ውስጥ በሞግዚት እጅ አደገች። ኮሌራ ገብቶ ወላጆቿን ሲጨርስ ዮርክሻየር ወዳለው አጎቷ ቤት ትላካለች። ቤቱ 100 ያህል ክፍሎች አሉት፤ አብዛኞቹ ተቆልፈዋል። ግቢው ውስጥ ለ10 ዓመት ሰው ያልገባበት የአትክልት ስፍራ አለ፤ አጎቷ ሚስቱ ከሞተችበት ጊዜ ጀምሮ በሩን ዘግቶ ቁልፉን ቀብሮታል። ሜሪ ወደዚህ ምስጢር የምትደርሰው በአብዛኛው ጆሮዋን ጥላ ነው። የሮቢን ወፍ ፉጨት ትከተላለች፣ የአሮጌውን አትክልተኛ የቤን ዌዘርስታፍን ማጉረምረም ታዳምጣለች፣ ከነፋስ ጋር ተቀላቅሎ የሚመጣ የልጅ ለቅሶ ትሰማለች። ሰሚውም ከእሷ እኩል ይሰማል፤ ከእሷ የበለጠ የሚያውቀው ነገር የለም።

ቤቱ የቆመው ሙር ከሚባል ዛፍ አልባ ምድር ዳር ነው። ልጆቹ «ሙር ምንድን ነው?» ካሉ የመንዝን ጓሳ ይንገሯቸው፤ ነፋሱ፣ ጉሙ፣ አጫጭሩ ቁጥቋጦ፣ ዓይን እስኪደክም የተዘረጋው ሜዳ እንደዚያ ነው።

ደራሲዋ በ1849 ማንችስተር ተወልዳ በ1865 ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ፣ ወደ ቴነሲ የሄደች ናት። ኋላ ተመልሳ ኬንት ውስጥ ግሬት ሜይተም ሆል በሚባል ቤት ስትኖር በግንብ የታጠረ አሮጌ የአትክልት ቦታ አገኘች። ጽጌረዳ አስተከለችበት፤ እዚያው ተቀምጣ ትጽፍ ነበር፤ አንድ ሮቢንም ተላምዷት ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ወፍ እውነተኛ ወፍ መምሰሉ ያለ ነገር አይደለም። ይህን ለልጆች ከመጀመሪያው አይንገሯቸው። ወፉን ከወደዱት በኋላ ሲሰሙት የበለጠ ደስ ይላቸዋል።

ልጆችዎ ከ8 ዓመት በታች ከሆኑ ግን ይህ መጽሐፍ ይከብዳቸዋል። ለእነሱ የኢ. ቢ. ዋይት «የሻርሎት ድር» ይሻላል፤ በ1952 የታተመ፣ አንዲት ሸረሪት ዊልበር የሚባል የአሳማ ግልገል እንዳይታረድ የምትታገልበት የ22 ምዕራፍ ታሪክ ነው። ሙሉ ትረካው አራት ሰዓት አይሞላም። ባለታሪኩ አሳማ መሆኑ በኛ ቤት ጥያቄ ማስነሳቱ አይቀርም፣ በተለይ አያት ባሉበት። ልጆቹ ግን ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ዊልበር ምን ዓይነት እንስሳ እንደሆነ ረስተውታል።

ተራኪውን ይምረጡ

እዚህ ላይ ጊዜ ያጥፉ። ልጅ መጽሐፍ ጠላ ሲባል ብዙ ጊዜ የጠላው ድምፁን ነው።

ሊብሪቮክስ የሚባል ድረ ገጽ አለ። ከ2005 ጀምሮ ፈቃደኛ ሰዎች የባለመብትነት ጊዜያቸው ያለፈ መጻሕፍትን እያነበቡ በነፃ የሚያስቀምጡበት ነው። «ምስጢራዊው የአትክልት ስፍራ»ም በተለያዩ አንባቢዎች ተነብቦ እዚያ ይገኛል። ጣቢያው ላይ ሦስት ዓይነት ንባብ ያጋጥምዎታል። አንድ ሰው ከዳር እስከ ዳር ያነበበው አለ። እያንዳንዱን ምዕራፍ ሌላ ሌላ ሰው ያነበበው አለ። ገጸ ባሕርያቱን ተከፋፍለው እንደ ሬዲዮ ድራማ የሠሩትም አለ። ሁለተኛውን ይተዉት። ልጅ ከአንድ ድምፅ ጋር ሲላመድ በማግስቱ ሌላ ድምፅ፣ ሌላ አነጋገር ይመጣበትና ታሪኩ ይቆረጥበታል። ከአንደኛውና ከሦስተኛው እኔ አንደኛውን እመርጣለሁ። ድራማው ለመጀመሪያው ቀን ይማርካል፤ እየቆየ ግን ልጁ በሐሳቡ ሊፈጥረው የሚገባውን ሁሉ ሠርቶ ያቀርብለታል።

ሲመርጡ ከመጀመሪያው ደቂቃ ብቻ አይፍረዱ፤ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ተጠንቅቆ ያነባል። 4ኛውን ምዕራፍ ይክፈቱና የቤት ሠራተኛዋ ማርታ ስትናገር ያዳምጡ። ማርታ የምትናገረው የዮርክሻየርን ገጠር አነጋገር ነው። ተራኪው አፉ ካልተፈታበት ቢያንስ አያጋንን፤ ያጋነነ እንደሆነ ማርታ መሳቂያ ትሆናለች። ከዚያ ወደ መጽሐፉ መሃል ይዝለሉና ንግግር የሌለበት፣ ስለ ዕፅዋትና ስለ አየር የሚተርክ ቦታ ይፈልጉ። እዚያ ላይ ሐሳብዎ ካልሸሸ ተራኪው ጥሩ ነው።

ኢ. ቢ. ዋይት የራሱን «የሻርሎት ድር» በ1970 ራሱ አንብቦ አስቀርጿል። ተዋናይ አልነበረም፤ ድምፁ ደረቅ ነው፣ ማንንም ለማስደነቅ አይሞክርም። የሸረሪቷን ሞት የሚተርከውን ቦታ ድምፁ ሳይሰበር ለመጨረስ 17 ጊዜ መድገም እንዳስፈለገው ይነገራል። በመጨረሻው ቅጂ ግን እንባ የለም፤ ቃላቱን ብቻ አስቀምጦ ያልፋል። ያን ጊዜ የሚያለቅሰው ሰሚው ነው። ተራኪ ሲመርጡ ይህን ልብ ይበሉ፤ በእርስዎ ፈንታ የሚያለቅስ ወይም የሚስቅ ተራኪ አይያዙ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የሚሸጡ ቅጂዎች ላይ አሳጥረው የሚያቀርቡ አሉ። ሙሉው «ምስጢራዊው የአትክልት ስፍራ» 27 ምዕራፍ ነው፤ እንደ ተራኪው ፍጥነት ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ብቻ የሚል ካዩ ተቆርጧል ማለት ነው፤ ይለፉት።

ስልክዎ ላይ ያውርዱ

ኢንተርኔት እየቆራረጠ ልቦለድ መስማት አይቻልም። ዋይፋይ ባለበት ቦታ አስቀድመው ያውርዱ። ሊብሪቮክስ ላይ በ64 ኪሎቢት የተቀመጠው ለአንድ ሰዓት 29 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል፤ መጽሐፉ በሙሉ 250 ሜጋባይት አካባቢ ማለት ነው። 128 ኪሎቢት የሚለው እጥፉ ነው። ለንግግር 64ቱ ይበቃል፤ ዳታ አያባክኑ። አንዴ ካወረዱት በኋላ ስልኩን ከኔትወርክ አውጥተው ያጫውቱ። ሜሪ በጨለማ ኮሪደር ስትሄድ የሚጮህ የስልክ ጥሪ የምሽቱን ሥራ ሁሉ ያበላሻል።

እያንዳንዱ የሊብሪቮክስ ምዕራፍ ሲጀምር ቅጂው የማን እንደሆነ የሚገልጽ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ይነበባል። ልጆቹ በሁለት ቀን ውስጥ በቃላቸው ይይዙትና ከተራኪው ጋር አብረው ይሉታል። አይቆጧቸው፤ ወደ ታሪኩ መግቢያ ሆኖላቸዋል።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የሰፈራችሁ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ካላችሁ ሊቢ በሚባለው መተግበሪያ የሚሸጡትን ትረካዎች በነፃ ትዋሳላችሁ። ካርዱ የሚወጣው ያለ ክፍያ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱን ለግብር ሰነድና ለፎቶ ኮፒ ብቻ የሚያውቀው ወገናችን ብዙ ስለሆነ ነው ይህን የማነሳው። የውሰቱ ጊዜ ግን የተወሰነ ነው። የ21 ቀን ውሰት ከሆነና በቀን አንድ ምዕራፍ ከሰማችሁ 27ቱ ሳያልቁ መጽሐፉ ከስልካችሁ ይጠፋል። ቅዳሜና እሑድ ሁለት ሁለት ስሙ፣ ወይም ቀኑ ሳይደርስ አሳድሱት። ሌላ ሰው ወረፋ ይዞ ከሆነ አይታደስም።

ዩቲዩብን አልመክርም። መሃል ላይ ማስታወቂያ ይገባበታል፣ ምዕራፉ ሲያልቅ ደግሞ ያልጠሩት ነገር ራሱ ይከፈታል። ልጁ ጆሮው ታሪኩ ላይ፣ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ይሆናል።

4ኛውን ምዕራፍ ለብቻዎ ይስሙ

ማንኛውንም የልጆች መጽሐፍ ከልጅ በፊት መስማት ጥሩ ነው፤ ጊዜ ከሌለዎት ግን ቢያንስ ይህን አንድ ምዕራፍ። ከመጀመሪያው ምዕራፍ ሁለት እጥፍ በላይ ይረዝማል፤ የመጽሐፉ ክፉም ደግም ያለው እዚህ ነው።

ሜሪ አዲሱ ቤት ውስጥ ስትነቃ ማርታ ምድጃ እያነደደች ታገኛታለች። ሜሪ ሰው እስኪያለብሳት ትጠብቃለች፤ ሕንድ ሳለች ሞግዚቷ ታለብሳት፣ ጫማዋን ታደርግላት ነበር፤ ሜሪም በተናደደች ጊዜ ሞግዚቷን በጥፊ ትመታት ነበር። ማርታ ይህን ሰምታ ትገረማለች፤ የ10 ዓመት ልጅ ራሷን መልበስ እንዴት ያቅታታል? ከዚያ በየዋህነት፣ ከሕንድ የምትመጣው ልጅ ጥቁር ትሆናለች ብላ ስትጠብቅ እንደነበር ትናገራለች። ሜሪ ትቆጣለች፤ የአገሬው ተወላጆች ሰው እንዳልሆኑ፣ አገልጋዮች ብቻ እንደሆኑ ትናገራለች። ጸሐፊዋ ሜሪን ባለጌ አድርጋ ነው የሳለቻት፤ እውነት ነው። ንግግሩን ግን ማንም በግልጽ አያርመውም። መጽሐፉ የተጻፈው እንግሊዞች ሕንድን በሚገዙበት ዘመን ነው፤ የዘመኑ አስተሳሰብ በየስንጥቁ ገብቶበታል።

እንግዲህ ይህን ጥቁር ልጆች አጠገብዎ ተቀምጠው ይሰሙታል። አንዳንዱ ወላጅ ምዕራፉን ይዘለዋል። እኔ አልዘለውም፤ ሳያስጠነቅቁ ማሰማት ግን ትክክል አይደለም። ከመጀመራችሁ በፊት «ዛሬ ሜሪ በጣም ክፉ ነገር ትናገራለች፤ ስንጨርስ እናወራበታለን» ይበሉ። ሲደርስ ትረካውን አያቁሙ። ምዕራፉ አልቆ ስልኩ ሲዘጋ ዝም ብለው ይጠብቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ልጆቹ ራሳቸው ይጀምራሉ። አሜሪካ ወይም እስራኤል የሚያድጉት ስለ ቆዳ ቀለም ትምህርት ቤት የሰሙትን፣ ለእርስዎ ነግረዎት የማያውቁትን ነገር ሊያነሱ ይችላሉ።

አዲስ አበባ ላለ ቤት ደግሞ ምዕራፉ ሌላ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ጫማህን ማን ነው የሚያስርልህ? የምትበላበትን ሳህን ማን ነው የሚያነሳው? ሠራተኛ ባለበት ቤት ያደገ ልጅ ሜሪን ከማርታ ጋር ሲሰማት ዝም ይላል፤ ምክንያቱም ትዕዛዝ የምትሰጥበት ቃና ለጆሮው አዲስ አይደለም። ትረካው ሳሎን ውስጥ ከሆነ እኮ ሠራተኛዋም እዚያው ናት፤ ወጥ እያማሰለች ነው። ለእሷም ቁጭ የምትልበት ቦታ ይኑራት፤ እንግሊዝኛው ካልገባት አንደኛው ልጅ ይተርጉምላት። መጽሐፉ ውስጥ ሜሪን ሰው የሚያደርጋት ማርታና ቤተሰቧ መሆናቸውን ልጆቹ ቀስ ብለው ይደርሱበታል፤ አስቀድመው አይንገሯቸው።

ሁለት ትናንሽ ነገሮች በዚሁ። ወደ መጨረሻው መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ልጆች «አስማት» የሚሉት ነገር ብዙ ይነሳል። የሚሉት የሚያበቅለውን፣ የሚያድነውን ኃይል ነው፤ ጥንቆላ የለበትም፤ እንዲያውም አትክልተኛው ባቀረበው ሐሳብ የቤተ ክርስቲያን የምስጋና መዝሙር ይዘምራሉ። ሁለተኛ፣ ኮሊን የሚባለው የታመመ ልጅ የሚድነው በአብዛኛው መዳን እችላለሁ ብሎ በማመኑ ነው። ቤታችሁ ውስጥ በእምነትና በብርታት የማይለወጥ ጉዳት ያለበት ልጅ ካለ፣ ይህ ክፍል ሊያስከፋው ይችላልና አስቀድመው ያነጋግሩት።

ሰዓቱና ቦታው

ከእራት በኋላ ያለው ሰዓት ይመረጣል። አንዱ ምዕራፍ በአማካይ 20 ደቂቃ ገደማ ነው፤ በቀን አንድ ከሰማችሁ አንድ ወር ሳይሞላ ያልቃል። ቡና የሚፈላበት ቤት ከሆነ እስኪቆላና እስኪወቀጥ ይጠብቁ፤ ሙቀጫና ትረካ አይስማሙም። አቦል ሲቀዳ ይጀምሩ፣ በረካ ሳይደርስ ያልቃል።

እጅ ሥራ ይፈልጋል። ቁጭ ብሎ ስልክ እያየ የሚያዳምጥ ልጅ አምስት ደቂቃ አይቆይም። ምስር ይልቀም፣ ልብስ ይጠፍ፣ ይሳል፣ ፀጉር ይሠራ። ፀጉር የምትሠራ ልጅ ደግሞ መነሳት ስለማትችል ከሁሉ የተሻለች አድማጭ ናት። ስልኩን ፊት ለፊት አያስቀምጡት፤ ስክሪኑን ደፍተው ባዶ ኩባያ ውስጥ ያቁሙት፣ ድምፁ ያድጋል። ድምፅ ማጉያ ካለዎት የተሻለ። መኪና ውስጥ ለረጅም መንገድ የጆሮ ማዳመጫ የሚያስፈልግ ከሆነ ከሙሉ ድምፁ 60 በመቶ አይለፍ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረውም ይህንኑ ነው።

መብራት ጠፍቶ ያውቃል? ያን ቀን ሁለት ምዕራፍ ይስሙ። በተለይ 5ኛውን ለእንዲህ ዓይነት ምሽት ቢያቆዩት አያስቆጭም። ሜሪ ምድጃ ዳር ተቀምጣ ነፋሱ ቤቱን ሲዞረው ታዳምጣለች። ከነፋሱ ውስጥ ሌላ ድምፅ ይለያል፤ ልጅ እያለቀሰ ይመስላል። ማርታን ትጠይቃታለች። ማርታ ነፋሱ ነው ትላለች። በዚያው ቅጽበት የሆነ በር ተከፍቶ ድምፁ ጥርት ብሎ ይመጣል፤ ማርታ ሮጣ በሩን ትዘጋና፣ ጥርሷን ያመማት የወጥ ቤት ልጅ ትሆናለች ብላ ምክንያት ትቀይራለች። መጽሐፉን ቢያነቡት በሦስት መስመር ያልፉታል። በጨለማ ውስጥ ሲሰማ ግን ልጆቹ ማርታ መዋሸቷን ከአነጋገሯ ይይዛሉ። «ውሸቷን ነው!» የሚል አንድ ሰው ከመሃል አይጠፋም። ተራኪው ጎበዝ ከሆነ እዚያ ላይ ማርታ ትንሽ ፈጠን ብላ ትናገራለች።

እንግሊዝኛው ሲከብድ

አገር ቤት ላሉ ልጆች የዮርክሻየሩ አነጋገር ግራ ያጋባል። ለወላጅም ያጋባል፤ እንግሊዝኛ ችላለሁ የሚለውም ማርታ አፏን ስትከፍት አንገቱን ያቀናል። መፍትሔው በየቃሉ ማቆም አይደለም። ከመጀመርዎ በፊት ያለፈውን በአማርኛ በሦስት ዓረፍተ ነገር ያስታውሱ፤ የሰዎቹን ስም ወረቀት ላይ ጽፈው ፍሪጅ ላይ ይለጥፉ። የአፕሊኬሽኑን ፍጥነት ወደ 0.9 ዝቅ ማድረግ ይረዳል፤ ከዚያ በታች ከወረዱ ግን ተራኪው የሰከረ ይመስላል። ያመለጠ ነገር ካለ ጽሑፉ በፕሮጀክት ጉተንበርግ ላይ በነፃ አለ፤ በማግስቱ ያንኑ ገጽ አብሮ ማየት ነው።

ውጭ አገር ላደገ ልጅ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እንግሊዝኛውን ከእርስዎ በላይ ያውቃል፤ የሚከብደው አማርኛው ነው። ይህን ይጠቀሙበት። እውነት ያልገባዎትን ይጠይቁት፣ «ቤን ምን አለ አሁን?» ይበሉት። እሱ በሰባራ አማርኛው ያስረዳዎታል፤ ስለ ሽማግሌ፣ ስለ ቁልፍ፣ ስለ አፈርና ስለ ቡቃያ ማውራት ይገደዳል። እያረሙ አያቋርጡት። ቅዳሜ ለአያቱ ሲደውል «የሳምንቱን ታሪክ ንገራቸው» ማለት ከየትኛውም የቋንቋ ትምህርት ይበልጣል፤ አያት ደግሞ ባልገባቸው ቁጥር ይጠይቃሉ።

ከዚህ ውጭ ምንም ዓይነት ፈተና አይፈትኑት። «የሜሪ አጎት ስሙ ማን ነው?»፣ «ከዚህ ምዕራፍ ምን ተማርክ?» የሚባል ጥያቄ ከተጀመረ ቀኑ ትምህርት ቤት ሆነ ማለት ነው፤ ልጁ ትምህርት ቤት ውሎ ነው የመጣው። ቢያወራ ያውሩ፣ ዝም ካለ ዝም ይበሉ።

ሲሰለቹ

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች ቀዝቃዛ ናቸው። ሞት አለ፣ ባቡር አለ፣ ሜሪ ደግሞ የምትወደድ ልጅ አይደለችም። አንዳንድ ልጅ «ይቺ ልጅ ትጠላለች» ብሎ ይነሳል። ልክ ነው፤ ትጠላለች፤ «አዎ፣ ትጠላለች፤ እስኪ ምን ትሆን?» ብለው ይለፉት። የአትክልት ስፍራው በር የሚገኘው 8ኛው ምዕራፍ ላይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ይታገሱ። እዚያ ደርሶ ጆሮው ካልቆመ መጽሐፉ የእሱ አይደለም፤ ሌላ ይያዙ። ልጅን ያልወደደውን ልቦለድ እስከ መጨረሻው ማስጨረስ ሁለተኛውን እንዳይጀምር ማድረግ ነው።

የወደዱት እንደሆነ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል፤ «አንድ ብቻ እንጨምር» ይላሉ። ከበሩ ምዕራፍ በቀር እምቢ ይበሉ። የበሩን ዕለት ይፍቀዱላቸው፤ በሩን ከፍተው ሳይገቡ ተኙ ማለት ግፍ ነው።

መሃል ላይ ሲደርሱ ልጆቹ ራሳቸው መትከል ይፈልጋሉ፤ ይህን ከመጽሐፉ ሰሚዎች ሁሉ የሚጠበቅ አድርገው ይያዙት። አሮጌ የቆርቆሮ ጣሳ፣ አፈርና ጤና አዳም ወይም በሶብላ ያዘጋጁ። በረንዳ ላይም ይበቅላል።

በአማርኛ እንዲቀዳ ከፈለጉ

ካለቀ በኋላ ብዙ ቤት «በአማርኛስ ቢኖር» ይላል። ጽሑፉ ነፃ ስለሆነ ለራሳችሁ ቤት በአማርኛ እየተረካችሁ መቅዳት ትችላላችሁ። ቃል በቃል መተርጎም አያስፈልግም። አንድ ምዕራፍ በእንግሊዝኛ ያንብቡና መጽሐፉን ዘግተው፣ ለሰው እንደሚያወሩት በአማርኛ ይተርኩ። 15 ደቂቃ ይበቃል። የስልክዎ ድምፅ መቅረጫ በቂ ነው፤ ከአፍዎ አንድ ስንዝር ያህል ያርቁት፣ ከፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን፣ ትንፋሽዎ እንዳይነፋበት። የሚያስተጋባ ባዶ ክፍል አይሆንም፤ ልብስ የተሰቀለበት ቁም ሣጥን ተከፍቶ ፊቱ መቀመጥ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ከኋላ መስቀል ድምፁን ያለሰልሰዋል። ጎረቤት ቴሌቪዥን ሳይከፍት፣ ጠዋት በማለዳ ጥሩ ነው። ስትሳሳቱ አታቁሙ፤ ዓረፍተ ነገሩን ደግማችሁ ቀጥሉ።

አያት ወይም አክስት ድምፃቸው ከእርስዎ የተሻለ ከሆነ ለእነሱ ይስጡ። አዲስ አበባ ያሉ አያት ቴሌግራም ላይ በሳምንት ሁለት ምዕራፍ ቢልኩ፣ ቨርጂኒያ ያለው የልጅ ልጅ ቅዳሜን ይጠብቃል። ፋይሎቹን ስታስቀምጡ ግን ስማቸውን ከ01፣ ከ02 ጀምሩ። 1፣ 2 ብላችሁ የተዋችሁት እንደሆነ ብዙ ስልክ 10ኛውን ምዕራፍ ከ2ኛው ያስቀድመዋል፤ ልጁም በሩ ከተከፈተ በኋላ ሜሪ ገና ከሕንድ ስትመጣ ይሰማታል።